የአባቴ ፊት በለቅሶ ሜዳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ደብረ ታቦር ከሚገኝ አንድ ፎቶ ቤት ወስዳ አስነሣችኝ። ትልቅ ተደርጎ ሳሎን የሚሰቀል ፎቶ ፈልጋ ነው። በማግስቱ ልንቀበል ስንሄድ ከፎቶው ውስጥ የተቀመጠችው ሴት እኔ አልነበርኩም። ነጠላው የኔ ነው፣ ማተቡም የኔ ነው፣ ፊቱ ግን የማን እንደሆነ እንጃ። የግንባሬ መስመሮች የሉም። ከአፍንጫዬ ጎን ያለችው ኪንታሮት ጠፍታለች። ጉንጬ እንደ ተላጠ እንቁላል ሆኗል።

"ልጄ፣ እኔን የት አደረስከኝ?" አልኩት ባለ ፎቶ ቤቱን ወጣት።

"እማማ፣ አሳመርኩዎት እኮ። ሌላው ሰው ለምኖኝ ነው የማደርግለት።"

"ሌላው ይለምንህ። የኔን መልስልኝ።"

የልጅ ልጄ በኀፍረት ወደ መንገዱ ዞረች። ወጣቱ እየሳቀ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠና አንድ በአንድ ይመልስ ጀመር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ተቆጣጠርኩት። ኪንታሮቷን ዘልሎ ሊያልፍ ሲል አስታወስኩት። ግትር ናት ብሎኝ እንደሆነ አልቀየመውም፤ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ነገር ግን በፊት ጉዳይ ግትር የሆንኩት አሁን በእርጅናዬ አይደለም። በጃንሆይ ዘመን፣ እስቴ ውስጥ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው።

ያን ጊዜ መካነ ኢየሱስ እማር ነበር። ቤታችን ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ ሲነጋጋ የተነሣ እግረኛ ትምህርት ሲጀመር ከተማ ይደርሳል። ስለዚህ በሳምንቱ የሥራ ቀኖች የአባቴ ታላቅ ወንድም የግራዝማች ወርቁ አማቾች ቤት አድር ነበር። ዓርብ ወደ ቤት፣ እሑድ ደግሞ በሶዬንና ቆሎዬን ቋጥሬ ወደ ከተማ። ያ መንገድ በጥቅምትና በኅዳር ይወደድ ነበር። ገብሱ በግራና በቀኝ ነጥቶ፣ ባቄላው ደርቆ በነፋስ ሲንኳኳ፣ አፌ ውስጥ ቆሎ እየቆረጠምኩ እሄዳለሁ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ውርጩ እግር ይቆርጣል።

ታሪክ የሚያስተምረን ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት የተላከ ወጣት ነበር። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ በመሆኑ ብርዳችንን አልቻለውም፤ ካፖርቱን ሲያወልቅ አይተነው አናውቅም። አንድ ቀን ስለ ግሪክና ስለ ሮማ ሊያስተምረን ሁለት ትልልቅ ሥዕሎች ይዞ መጣና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጠፋቸው። የመጀመሪያው ከነጭ ድንጋይ የተቀረጸ የግሪክ ጎረምሳ ነው። ራቁቱን ቆሟል። መምህራችን ይሉኝታ ይዞት ከወገቡ በታች የደብተር ወረቀት ለጥፎበታል፤ ነገር ግን በመስኮቱ ነፋስ በገባ ቁጥር ወረቀቱ ብድግ ስለሚል ያን ትምህርት የተከታተልነው በሥጋት ነው። በክፍሉ ያለነው ሴቶች ሦስት ነበርን፤ ሦስታችንም ነጠላችንን ዓይናችን ድረስ ሳብነው። ሳብነው እንጂ አላየንም ለማለት አልችልም።

ሁለተኛው የሮማ ሽማግሌ ነበር። ራሰ በራ ነው፤ ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ከንፈሩ ተጨምድዶ አንዱ ጆሮው ከሌላው ዝቅ ብሏል። አርብ ገበያ ቁጭ ብሎ ጌሾ የሚሸጥ ሰው ይመስላል።

"ግሪኮቹ የቀረጹት ሰው እንዲህ ቢሆን ብለው የተመኙትን ነው" አለ መምህራችን። "ጉድለት የለበትም፤ አያረጅም፤ አያልበውም። ሮማውያን ደግሞ ሰውየው ራሱ የሚመስለውን ቀረጹ።" ቀጥሎ ግን ነገሩ እንዲህ በቀላሉ እንደማይቆረጥ ነገረን። ግሪኮችም በኋላ ዘመን ያረጀና የጎበጠ ሰው ቀርጸዋል። ሮማውያንም አንዳንዴ የሽማግሌ ራስ በጎረምሳ ገላ ላይ ይተክሉ ነበር። እንዲያውም አንዱ ንጉሣቸው ሸምግሎ የሞተ ሰው ሆኖ ሳለ ሐውልቱ በየአገሩ ሁሉ ወጣት ነው።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አወጣና ከሰሌዳው በላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ እያየ "የጃንሆይስ ግሪክ ነው ሮማ?" ብሎ ጠየቀ።

መምህራችን ጠመኔውን ኪሱ ከተተና "ደወል ተደውሏል" አለ። ደወል አልተደወለም ነበር።

ከሁሉ በላይ ልቤ ላይ የቀረው ግን በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስለ ሮማ ቀብር የነገረን ነው። ታላላቅ ቤተሰቦች የአያት የቅድመ አያቶቻቸውን ፊት በሰም አስቀርጸው በሣጥን ያኖሩት ነበር። ሰው ሲሞት እነዚያን ፊቶች አውጥተው፣ ለብሰዋቸው ከሬሳው ጋር ይሄዳሉ። የድንጋይ ቀራጮቻቸውም መጨማደዱንና ኪንታሮቱን ሳይደብቁ መቅረጽን ከዚያ ሳይለምዱ አልቀሩም ይባላል፤ የሰውየውን ፊት ቤተሰቡ ያውቀዋልና። ይህን ሲናገር ሳላስበው ብድግ አልኩ።

"እኛም እኮ ምስል እናወጣለን" አልኩት።

ምን ማለቴ እንደሆነ ስላልገባው አስረዳሁት። በአገራችን ሰው ከቤቱ ርቆ ሞቶ እዚያው ሲቀበር፣ ዘመድ የሚያለቅስበት ሬሳ ስለሌለ ምስሉ ይሠራል። እንጨት ተተክሎ ገለባ ይጠቀጠቅበታል፣ የሟቹ ልብስ ይለብሳል፣ ጋሻም ጠመንጃም ካለው ይደረግለታል። ለቅሶ ሜዳ ላይ ይቆምና አገር ዙሪያውን እየዞረ ያለቅሳል። መምህራችን ይህን ሰምቶ በጣም ተደሰተ።

"ፊቱስ? ግሪክ ነው ሮማ?" አለኝ።

አስቤበት አላውቅም ነበር። "ፊቱን ብዙም አያዩትም" አልኩና ተቀመጥኩ።

አሁን አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ስሙ ዘለቀ ነው። ልጅ ሳለ ፈንጣጣ ይዞት ግራ ዓይኑን ወስዶበታል፤ ፊቱንም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ወቅሮት ሄዷል። የጠፋው ዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ሰርጎ ተጣብቋል፤ ከንፈሩም በዚያው በኩል ትንሽ ወደ ላይ ስለተሰበሰበ ዝም ብሎ እንኳ ሲቀመጥ ሊስቅ የጀመረ ይመስላል። ለማያውቀው ያስፈራል። እኔ ግን ከሌላ ፊት በፊት ያየሁት ያንን ስለሆነ፣ ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓይን ያለው ወንድ አፍጦ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ እንደ ወጣ፣ አዲሱ ገብስ ሳይታጨድ፣ ከአምና የተረፈ ባቄላና ገብስ በበቅሎ ጭኖ ወደ ስማዳ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያ በርበሬና ጥጥ ይዞ ይመለሳል። ከቆላ በመጣ ቁጥር ልብሱ የበርበሬ ሽታ ስለሚይዝ ሳቅፈው ያስነጥሰኝ ነበር። ነገረኛ አይደለም። ሰው ሲሰድበው ዝም ይላል፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ዝምታው ነበር።

ግራዝማች ወርቁ በዚህ ፊት ያፍሩ ነበር። እስከ ዛሬ አንቱ እላቸዋለሁ፤ አንቱታው ለማዕረጋቸው ነው። ልጃቸውን ሲድሩ ከደብረ ታቦር ሹማምንት ተጠርተው ነበር። አባቴ አዲስ ኩታውን ለብሶ ዳሱ ውስጥ ገብቶ ከወንድሙ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል፣ ግራዝማች ጠጋ ብለው "ዘለቀ፣ የእንግዶቹን በቅሎዎች የሚያይልኝ የታመነ ሰው አጣሁ" አሉት። አባቴ ተነሥቶ ወጣ። እናቴና እኔ እንጀራና ወጥ በሳህን ይዘንለት በረት ድረስ ሄድን። በጋጣው ግንብ ላይ ተቀምጦ፣ ኩታውን እንዳይቆሽሽ ወደ ላይ ሰብስቦ በላ። "እዚህ ይሻላል፤ ጫጫታ የለም" አለን። ያን ቀን የዋጥኩት ነገር እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

መምህራችን ያንን ባስተማረ በሁለተኛው ሳምንት የአባቴ መርዶ መጣ። ቆላ ሳለ ንዳድ ይዞት ሞቷል፤ ስማዳ ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀብሯል። ወሬውን ያመጣው የመንገድ ነጋዴ ከዚህ በላይ የሚያውቀው አልነበረም። ጊዜው የገብስ አጨዳ ነው። ጎረቤት ማጭዱን እየጣለ መጣ፤ የኛ ገብስም ግማሹ ታጭዶ ግማሹ ቆሞ ቀረ።

ለቅሶው በግራዝማች እጅ ገባ። እናቴ ምን ልትል፤ ሴት ናት፣ ባሏ የለም፣ ዳሱም ጠላውም ከሳቸው ነው። ለቅሶው የሚሆንበት ቀን ተቆረጠ፤ ለሹማምንቱ ተላከ፤ ምስሉን የሚሠራ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ተጠራ።

የተሠራውን ምስል ለማየት እናቴን ይዤ ወደ ግራዝማች ግቢ ሄድኩ። ከግድግዳው ተደግፎ ቆሟል። የግራዝማችን የወርቅ ዘርፍ ያለው ለምድ ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የግራዝማች ጠመንጃ ተንጠልጥሏል። አባቴ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። ፊቱ በተወጠረ ነጭ ሸማ ላይ በቀለም ተሥሏል። ሠዓሊው እጁ የተባረከ ነው፤ እውነት ለመናገር እንደዚያ ያማረ ፊት አላየሁም። ቅንድቡ የተቀነበበ፣ አፍንጫው ሰልካካ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ ትልልቅና እንደ መላእክት ወደ ፊት የሚያዩ። ዕድሜውም ከሃያ አምስት አይበልጥም። የጥቁር ሰሌዳው ግሪካዊ ጎረምሳ ለምድ ለብሶ እስቴ መጥቷል ማለት ነው።

"ይህ ማን ነው?" አልኩ።

"አባትሽ ነዋ" አሉ ግራዝማች።

"አባቴ አንድ ዓይን ነው ያለው።"

"አሁን እግዜር ሁለቱንም ሰጥቶታል። ምን አስጨነቀሽ?"

የነፍስ አባታችን መምሬ አድማሱ ከእንግዳ መቀመጫው ላይ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሊያባብሉኝ ፈልገው "ልጄ፣ በትንሣኤ ሙታን ሁላችንም ያለ ነውር ነው የምንነሣው። እንደዚያ አድርገሽ ተመልከችው" አሉኝ።

"በትንሣኤ እንደዚያ ይሁንለት፣ መምሬ። ለቅሶው ግን ኅዳር ላይ ነው" አልኳቸው።

እናቴ በጎኔ ቆነጠጠችኝ። ግራዝማች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሲቆጡ እንዲያ ናቸው። "ስሚ አንቺ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። ያገር ሹም ባለበት የወንድሜን ጉድለት አላወጣም። ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን አልሄድሽም? በአንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው? ይሁዳ አይደለም? ወንድሜን ይሁዳ አድርጌ ላቁመው?"

እውነታቸውን ነው፤ በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ያዩናል፣ ይሁዳና ሰቃዮቹ አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። የይሁዳን ሥዕል በልቤ አየሁት። ከዚያ ነገሩ መጣልኝ።

"ይሁዳ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው ፊቱን ወደ ጎን ስላዞረ ነው" አልኩ። "አባቴ ፊቱን ያዞረበት ሰው የለም። ፊት የዞረው በሱ ላይ ነው።"

መምሬ አድማሱ ጢማቸውን ያዙ። ሠዓሊው ብሩሹን ያጥብ ጀመር። እኔም አንዴ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ፣ እሱን ካወጡ እኔ የራሴን አወጣለሁ አልኩ።

"ለአንድ ሙት ሁለት ምስል?" አሉ ግራዝማች። "አውጪ። አገር ይሳቅብሽ።"

ከቤታችን ጓሮ፣ እናቴ ለጎታ መሥሪያ ጭቃ የምታወጣበት ጉድጓድ አለ። የእህል ጎታ ስትሠራ እያገዝኩ ስላደግሁ ጭቃ አውቃለሁ፤ ጭዱ ምን ያህል እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚቦካ፣ ፀሐይ ላይ ቢደርቅ እንደሚሰነጠቅ። ትልቅ ቅል ፈልጌ በዘንግ ላይ ሰካሁና ጭቃውን በላዩ መለጠፍ ጀመርኩ። ያን ሁሉ ከተናገርኩ በኋላ የመጀመሪያው ፊት ምን ሆኖ እንደ ወጣ ታውቃላችሁ? ያማረ። አፍንጫው ቀጥ ያለ፣ ጉንጩ የለሰለሰ። እያለቀስኩ ስለሠራሁት እጄ አባበለው መሰለኝ። የሚወዱትን ሰው አሳምሮ መሥራት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ በግሪኮቹም በሠዓሊውም ላይ ያለኝ ቁጣ ትንሽ በረደ። በግራዝማች ላይ ያለው ግን አልበረደም። የሳቸው ማሳመር ከኀፍረት እንጂ ከፍቅር አልነበረም።

አፈረስኩና እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው የዓይኑን ጉድጓድ በአውራ ጣቴ ጫንኩት፤ ከንፈሩን በግራ በኩል ወደ ላይ ሰበሰብኩት። ፈንጣጣው ግን አቃተኝ። በእንጨት ብወጋው የወንፊት ቀዳዳ ሆነ። ያን ሁሉ ቀን እናቴ አጠገቤ መጥታ አታውቅም፤ ከግራዝማች ጋር መጣላቴ አስፈርቷታል። ያን ከሰዓት ግን ከጓዳ ወጥታ መዳፏን ዘረጋችልኝ። ምስር ነበር።

"በዚህ ተጫኚውና ፍሬውን አንሺው" አለችኝ። ቁጭ ብላ አየችኝ። ከዚያ ራሷ ታደርገው ጀመር። "ጉንጩ ላይ ይበዛል። ግንባሩ ላይ ሳሳ ይላል። እዚህ ከአገጩ በታች ሁለት ጠባሳዎች አሉ፣ አንቺ አታውቂያቸውም፣ ጢሙ ይሸፍናቸዋል።" ጣቷ አንድ ጊዜም አልተሳሳተም። ስንጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ "እኔ ያገባሁት ይህን ነው" አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

የለቅሶው ቀን ሜዳው ሞላ። የግራዝማች ምስል ከዳሱ ፊት ቆሟል፤ በቅሎአቸው ተሸልማ ትዞረዋለች፤ ሹማምንቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴና እኔ ከሴቶቹ ጠርዝ ተቀመጥን፤ የኔ ምስል የአባቴን አሮጌ ጋቢ ለብሶ፣ ራሱ በነጠላዬ ተሸፍኖ ጉልበቴ ላይ ተደግፏል። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር። ነጠላውን ለመግለጥ ብዙ ጊዜ እጄን አነሣሁና መለስኩ። አስለቃሿ ከሩቅ የተጠራች ዝነኛ ሴት ነበረች፤ ምስሉን አየት አድርጋ ጀመረች፦

*ዓይነ ኮከቡ፣ ጥርሰ በረዶ፣*
*ለማን ትቶን ሄደ ቆላ ወርዶ።*

ከአባቴ ጋር በደቦ የሚያርሱ ሰዎች ወደ እግራቸው አዩ። አንዱ ያለ ጉንፋን ሳለ። ሰው ያለቅሳል፣ ግን ለቅሶው አፍ ላይ ነው። ግማሹ ምስሉን ሲያይ ዘለቀን የረሳው ይመስል ነበር።

በዚህ መካከል ከቁልቁለቱ በኩል ሌላ ለቅሶ ተሰማ። የስማዳ ሰዎች ናቸው፤ ወንድም ሴትም፣ አቧራ ለብሰው፣ የአባቴን በቅሎ እየሳቡ። ወደኛ አገር መጥተው አያውቁም፤ በጥያቄ ነው የደረሱ። "ዘለቀ፣ ወንድሜ፣ ዘለቀ" እያሉ ደረታቸውን እየመቱ ሜዳውን ሰንጥቀው መጡ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ምስሉ ፊት ደረሱ። ቀና ብለው አዩትና ለቅሷቸው ቆመ።

ከፊት የነበሩት ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው ምስሉን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱት። ከዚያ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞሩ።

"ይቅር በሉን፤ የሌላ ሰው ለቅሶ ገብተን አወክን። እኛ የዘለቀን ነበር የምንፈልገው። ወዴት ነው?"

"ይኸው ነው" አላቸው ሰውየው መሬት መሬቱን እያየ።

"ይህማ እርሱ አይደለም፣ ልጄ። ይህ ጌታ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማረው። የኛ ሰው ሌላ ነው።"

ከወንዶቹ መካከል አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። ግራዝማች ከመቀመጫቸው ተነሥተው "እሱ ነው፤ ግቡ" አሉ።

"ጌታዬ፣ በእጃችን ነው የቀበርነው" አሉ ሽማግሌው በትሕትና። ከዚያ ለሰዎቻቸው ምልክት ሰጡና በቅሎዋን አዞሩ። ሊሄዱ ነው። አባቴን የቀበሩት ሰዎች፣ ከቆላ ድረስ የወጡት፣ አባቴን አጥተውት ሊመለሱ ነው። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም። ተነሣሁና ምስሌን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ሜዳው መካከል ሄድኩ፤ ዘንጉን መሬት ላይ ተከልኩ፤ ነጠላዬን ገፈፍኩት።

ሽማግሌው ተመለሱ። ቀስ ብለው ቀረቡ። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ነኩት፤ ምስሩ በተጫነበት ቦታ ላይ ጣታቸውን አሳለፉት። "ዘለቀ" አሉ፤ እንደ ማልቀስ ሳይሆን በር ላይ ቆሞ ሰው እንደ መጥራት። ከዚያ ለቅሶው ከኋላቸው ፈነዳ። ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ ላይ አንሥተው በሻካራ ድምፃቸው አወረዱት፦

*ሁለት ዓይን ይዞ ስንቱ አልፎን ሲሄድ፣*
*በአንድ ዓይኑ አየን ዘለቀ ከመንገድ።*

ምን ማለታቸው እንደሆነ እያለቀሱ ነገሩን። በዚያ ዓመት ቆላው በንዳድ ተመታ። ነጋዴ ሁሉ ጭነቱን እየጣለ ወደ ደጋ ሲሸሽ አባቴ ቀረ። በርበሬ የሚጭንባትን በቅሎ በሽተኛ እየጫነባት፣ ዳገቱን እያወጣ፣ መድኃኒት ወደሚገኝበት ሲያመላልስ ሰነበተ። አብረዋቸው ከመጡት ሴቶች ሁለቱ የዳኑት በዚያች በቅሎ ጀርባ ነው። በመጨረሻ ንዳዱ እርሱንም ያዘው። እኛ ከዚህ አንዱንም አናውቅም ነበር። በቅሎዋ ዞራ ሄዳ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም አናውቅም።

የደቦ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተነሥተው መጡ። ቀጥሎ ሴቶቹ። አስለቃሿም ለቅሶ የት እንዳለ የምታውቅ ሴት ናትና የወርቁን ለምድ ትታ ወደኛ ተሻገረች። ሁሉም ሰው መጣ ብዬ ግን አልዋሽም። ሹማምንቱና የግራዝማች ወገን ከዳሱ አልተነቃነቁም፤ አንዲት ሴት እያለፈች "የአባቷን ነውር ተሸክማ ወጣች" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴም ሰምታታለች። ነጠላዋን አጥብቃ ከምስሉ አጠገብ ቆመች።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ተላኩብኝ። ድንጋይ ተሸክሜ ከግራዝማች እግር ላይ እንድወድቅ ነው። እምቢ አልኩ። ትልቅ ሰው ነው የተዋረደው አሉኝ፤ በረት ውስጥ እንጀራ የበላውም ትልቅ ሰው ነው አልኳቸው። ከተማ የማድርበት ቤት ተዘጋብኝ። ከዚያ ወዲያ ያን መንገድ በየቀኑ ሄጄ በየቀኑ ተመለስኩ፤ ውርጩንም ጭቃውንም፣ ክረምት ሲገባ የሚሞላውን ወንዝም። ትምህርቴን ግን ጨረስኩ። መምህራችን ወሬውን ሰምቶ "እንግዲህ ያንቺው ግሪክ ሆነ ሮማ?" ሲለኝ "እስቴ ነው" ብዬዋለሁ። የጭቃው ራስ በቤታችን ጣራ ክፈፍ ሥር ቆይቶ በሚቀጥለው ክረምት ረገፈ። አላዘንኩም። ሊታይ የሚገባው ጊዜ ታይቷል።

ምስል ማውጣት ዛሬ ቀርቷል፤ ለቅሶ ላይ ትልቅ ፎቶ ነው የሚቆመው። የነዚያን የድንጋይ ሰዎች ሥዕልም ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እኔም በኋላ መምህር ሆኜ አስተምሬባቸዋለሁ። ግሪኮቹን አልጠላም። ሰው የተሻለ መሆንን ቢመኝ ምን ክፋት አለው? የምጣላው ምኞቱን አምጥቶ የሰውየውን ቦታ ሲያስይዘው ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ መካነ ኢየሱስ ለቅሶ ሄጄ የግራዝማችን ልጅ አገኘሁት። እሱም ሸምግሏል። ንፍሮ ይዞልኝ መጣና አጠገቤ ቆመ።

"አባቴ እንደተቀየመሽ ነው የሞተው" አለኝ። "እኛም እየሄድን ነው። አንድ ቃል ብትይ ምን አለበት?"

"ምን ልበል?"

"በድያለሁ በይ።"

"ያን ቀን ማን ነበር የሞተው?" አልኩት።

ጥያቄው ግር አለው። "አጎቴ ዘለቀ ነዋ" አለ።

"እንግዲያስ ያወጣሁት እሱን ነው" አልኩትና ንፍሮውን ከእጁ ተቀብዬ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ።